ድሬ ያለ ደብተር የምታስተምረው

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልን ሴት በር ስታንኳኳ ሮጣ የምትከፍተው እሷ ናት። "ዋ ኢሚሳ?" ትላታለች በሶማልኛ፣ "ስንት ነው?" ማለቷ ነው፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ እያወቀች። ወተት ሻጯ ትስቃለች፤ ትመልስላታለች፤ ሁልጊዜም አንድ አዲስ ቃል ጣል አድርጋላት ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ጉልት ላይ ማንጎ የሚሸጡት አዴ ጋ ስንደርስ ደግሞ ቋንቋው ይቀየራል። "ሜቃ?" ትላለች። አዴ በኦሮምኛ ይነግሯታል፤ እሷም በኦሮምኛ ትከራከራለች። ወደኔ ዞራ የምትተረጉምልኝ በአማርኛ ነው። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም።

ማታ ያቺው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ከመዋዕለ ሕፃናት የተሰጣት የቤት ሥራ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ገጽ ሙሉ እየደጋገመች እንድትጽፍ ነው። ከፊደሉ ጎን አፕል ተስሏል። ልጄ ጊሽጣ ታውቃለች። ዘይቱን ታውቃለች። ማንጎ ከዛፉ ሲወርድ አይታለች። አፕል ግን ቀምሳ አታውቅም።

"አባዬ፣ ይሄ የት ነው የሚበቅለው?"

"ደጋ አገር።"

"እና እኔ ለምንድነው የምጽፈው?"

"ዝም ብለሽ ጻፊ" አልኳት። ጻፈች። እኔ ግን ከዚያች ማታ ጀምሮ አንድ ነገር ያብሰለስለኛል። አንዲት ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ በር ላይ እየሳቀች ሶማልኛ ትማራለች፤ ጠረጴዛ ላይ እያለቀሰች አንድ ፊደል አልገባ ይላታል። ልጅቷ ያቺው ናት። ጭንቅላቷም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ይህንኑ ነው። ልጅን ቤት ውስጥ ስለማስተማር ብዙ ወላጅ እየጠየቀ ነው። አንዳንዱ የትምህርት ቤት ክፍያ አንገፍግፎት ነው። አንዳንዱ የልጁ ክፍል መጨናነቅ አሳስቦት ነው። እኔ ግን መልሱን ከሩቅ ከመፈለጋችን በፊት ከተማችን ራሷ እንዴት እንደምታስተምር ብናይ እላለሁ። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ያደገ ልጅ ሦስት አራት ቋንቋ ሲናገር ማንም ተገርሞ አያውቅም። ይህ ተአምር አይደለም። መንገዱ ሊገለጽ የሚችል ነገር ነው፤ ቤታችን ውስጥም ልንደግመው እንችላለን።

ችግሩ የሚታይበትና የሚወለድበት

መጀመሪያ ለምን እንደምንጨነቅ ልናገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ትንሽ ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ ሆነ። ያን ጊዜ በየቡናው ቤት ወሬው ይኸው ነበር። ጥፋተኛ ያልተባለ የለም፤ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ስልኩም ተወቅሷል።

እኔ የምለው፣ ችግሩ 12ኛ ክፍል ላይ ይታያል እንጂ እዚያ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የሚማሩ የታችኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተለክቶ ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ አሉበት፤ ማለትም የኛው ሰፈር ቋንቋዎች ሁሉ። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ አንድ ቃል። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት የማይችሉት ልጆች 90 በመቶ ገደማ እንደሆኑ ይገልጻል።

ይህ ለምን ሌላውን ትምህርት ሁሉ እንደሚያበላሽ ማየት አይከብድም። ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ጉልበቱ ሁሉ ፊደሉን በመለየት ያልቃል፤ ለሐሳቡ የሚተርፍ ነገር የለውም። ሳይንሱም፣ ሒሳቡም፣ ታሪኩም በንባብ ነው የሚመጣው። በዚህ ላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚወድቀው። ገና ከመነሻው "ይሄ ነገር ለኔ አይደለም" ብሎ ስለወሰነ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከሰባት ዓመት በታች ነው፤ እንደ ልጄ ጠረጴዛ ላይ፣ እያለቀሱ።

ቤት ማስተማር ስንል

በሌላው ዓለም ቤት ማስተማር ሲባል ልጁ ጨርሶ ትምህርት ቤት አይገባም ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል። ጀርመን ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታ ስለሆነ አይቻልም። እኛ ጋ አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ላድርግ ቢል እንኳ አይችልም። እናት ትነግዳለች፤ አባት ሥራ ላይ ነው። ለልጁም ቢሆን ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ ጥሩ መምህር ደግሞ በምንም አይተካም። ስለዚህ ልጃችሁን አስቀሩ እያልኩ አይደለም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። በአገራችን 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዚያ በፊት 2 ዓመት ቅድመ አንደኛ አስቀምጧል። ይህ ማለት እስከ አምስት ዓመቱ ልጁ ሙሉ በሙሉ የኛ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከነቃበት ሰዓት የሚበዛው ያለው እኛ ጋ ነው። በትምህርቷ ስሟ የሚነሳው ፊንላንድ እንኳ መደበኛ ትምህርት የምትጀምረው በ7 ዓመት ነው። ታዲያ እኛን በሦስት ዓመቱ ደብተር የሚያስይዘን ምን ጥድፊያ ነው?

ደግሞም ለኛ ቤት ማስተማር እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ፊደል የቆጠሩት የቄሱ ደጅ ላይ፣ ዛፍ ሥር ነው። ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ልጆች ቁርአን የሚቀሩት ከቤታቸው ጥቂት እርምጃ ርቀው ነው። ትምህርት ቤትና መኖሪያ እንዲህ የተራራቁት በቅርብ ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ቀረ። ያን ጊዜ ብዙ ወላጅ ልጁ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ትዝ ይለኛል፣ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሩ ላይ በሙሉ የእርማት ምልክት ነበር፤ አንብብ ሲባል ግን የሚያነበው ሸምድዶ ነበር።

መንገዱ እንዴት ያስተምራል

ወደ ወተት ሻጯ እንመለስ። ልጄ ሶማልኛ የምትማረው ወተቱን ስለምትፈልገው ነው። የሴትዮዋንም ሳቅ ትፈልገዋለች። ቃሉ ወዲያው ሥራ ይሠራላታል። "ዋ ኢሚሳ" ስትል መልስ ይመጣል፤ ሰው ይዞርላታል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ፊደል ግን ሁለት ገጽ ብትጽፈው ማንም አይዞርላትም።

ሁለተኛው ነገር ስህተት ነው። ድሬ ውስጥ ቋንቋ የሚሳሳትን ሰው ማንም አይገስጽም። "አቦ፣ እንዲህ ነው የሚባለው" ይባላል፤ ያልፋል። አዴ ልጄ የተሳሳተችውን ቃል መልሰው በትክክሉ ይሏታል፤ ወሬው ግን አይቆምም። ቀይ እስክሪብቶ የለም። ስለዚህ ልጅቷ ለመሳሳት አትፈራም፤ ያልፈራ ደግሞ ይሞክራል። ነገም አዴ እዚያው ናቸው፤ ያው ቃል ነገም ያስፈልጋል። ድግግሞሹ ተፈጥሯዊ ነው።

ሽልማትም የለበትም። ይህ ትንሽ ያከራክር ይሆናል፤ እኛ ልጅ እንዲማር ከረሜላና ኮከብ መስጠት ለምደናል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በቀለም እስክሪብቶ መሳል በጣም የሚወዱ ልጆች ተመረጡ። ለአንዱ ቡድን "ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" ተባለ። ለሌሎቹ ምንም ቃል አልተገባም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነጻ ጨዋታ ሰዓት ሲታዩ፣ ሽልማት የተገባላቸው ልጆች ለመሳል ያላቸው ፍላጎት በጣም ቀንሶ ተገኘ። ቀድሞ ለራሱ ሲሉ ይሠሩት የነበረው ነገር የሽልማት ሥራ ሆነባቸው። ሽልማቱ ሲቀር ፍላጎቱም አብሮ ሄደ። ልጅ በደስታ የሚሠራውን ነገር ስንከፍልበት ሥራ እናደርግበታለን ማለት ነው። ልጁ የማይወደው ነገር ላይ ሽልማት ሊረዳ ይችላል። ንባብ ግን ልንከፍልበት አይገባም።

ፊደል ላይ ትንሽ ልቆይ

አማርኛ ማንበብ የሚጀምር ልጅ ፊት 33 ፊደል በ7 ቤት ተደርድሮ ይጠብቀዋል፤ 231 ማለት ነው። ብዙ ነው። እኛ ይህን የምናሻግረው በዜማ ነው፦ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ዜማው ደስ ይላል፤ ልጆችም ይወዱታል። ችግሩ ግን ልጁ ዜማውን እንጂ ፊደሉን ላያውቅ መቻሉ ነው። እቤታችሁ ሞክሩት። ገበታው ላይ ሌላውን በእጃችሁ ሸፍኑና አንዷን ብቻ አሳዩት። ብዙ ልጅ ከ"ሀ" ተነስቶ እየሮጠ ይመጣና እዚያች ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዜማው ነው እጁን ይዞ ያመጣው።

የድሮ የቄስ ትምህርት ይህን ያውቀው ነበር። ሀሁን ጨርሶ የተለማመደ ልጅ ወደ አቡጊዳ ይገባል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ሰባቱም ፊደላት ከሰባት የተለያየ ወገን የመጡ ናቸው፤ አንዱ ግዕዝ፣ ቀጣዩ ካዕብ፣ ቀጣዩ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል። የለመደው ዜማ እዚህ አይረዳውም። ዓይኑን ከፍቶ ማየት አለበት። ከመቶዎች ዓመታት በፊት የተበጀ ብልሃት ነው፤ እኛ ግን ሀሁን ይዘን አቡጊዳን ጥለነዋል። በጣም ያሳዝነኛል።

እኔ ቤት ያደረግሁት ይኸው ነው፣ ጨዋታ ጨምሬበት። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አመጣንና ትሪ ላይ አፈሰስነው። በጣቷ ትጽፋለች፤ ትሪውን ነቅነቅ ስታደርገው ይጠፋል። ስህተቱም አብሮ ይጠፋል። አንድ ቀን ቡ፣ ሱ፣ ሙ፣ ኩ ብዬ ጎን ለጎን ጻፍኩላትና ዝም አልኩ። አየች። አየች። ከዚያ ብድግ ብላ "አባዬ፣ ሁሉም እጅ አላቸው!" አለች። እውነቷን ነው። ካዕቦቹ በቀኝ በኩል አጭር ሰረዝ አላቸው። ቀጥላ ቢ፣ ሲ፣ ሊ፣ ኪን "ጫማ ያደረጉ" አለቻቸው፤ ቤ፣ ሴ፣ ሌ፣ ኬን ደግሞ "ቀለበት ያሰሩ"። ሳድሶቹ ላይ ስትደርስ ግራ ተጋባች። ብ፣ ስ፣ ል፣ ን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የሚሄዱት። "እነዚህ ረባሾች ናቸው" አለች። እስካሁን ስማቸው እቤታችን ይኸው ነው።

ያን ቀን የተማረችው አራት ፊደል ብቻ አይደለም። ሥርዓት እንዳለ፣ ሥርዓቱንም ራሷ ማግኘት እንደምትችል ነው ያየችው። እኔ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ እጅ የሚለው ቃል የኔ ይሆን ነበር። አሁን የእሷ ነው።

ሁሌ እንዲህ አልሄደልኝም። አንድ ምሽት ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ "ን"ን ለአምስተኛ ጊዜ ስትስተው "ስንቴ ልንገርሽ!" ብዬ ጮህኩባት። ትሪውን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አላነሳችውም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አቅፌ አባበልኳት፤ ትሪው ግን እዚያው ጥጉ ላይ ቀረ። የሁለት ደቂቃ ቁጣ የሁለት ሳምንት ትምህርት በላ። የመለሳት እናቷ ናት፣ ሳታስበው። ከፊራ ገበያ ልትሄድ ስትል የሚገዛውን በወረቀት ስትጽፍ ልጄ አየቻትና "ማንጎ አልጻፍሽም" አለቻት። እናቷም ወረቀቱን ሰጠቻት። "ማነጎ" ብላ ጻፈች። ባለቤቴ አነበበችላት፣ እንደተጻፈው፦ "ማ-ነ-ጎ"። ልጄ ሳቀች። ሰረዘች። "ን" ብላ ጻፈች። ማንጎውም ተገዛ። የጻፈችው ነገር ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣ ያየች ልጅ መጻፍ ለምን እንደሚጠቅም ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

እንቆቅልሽ

እቤታችን ያለ፣ ብር የማያስወጣ፣ ግን እየተረሳ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት አለ። እንቆቅልሽ ነው። መብራት በጠፋ ማታ እንጫወታለን። "እንቆቅልሽ?" "ምን አውቅልህ!" ካላወቀች አገር ትሰጠኛለች። ብዙ ጊዜ ሐረርን ነው የምትሰጠኝ፤ ድሬን አትሰጥም።

አንድ ማታ "ሌት ተቀን ቢሄድ የማይደክመው?" አልኳት። አላወቀችም። "ውሃ" ብዬ ነገርኳት። ዝም ብላ አሰበችና "ውሸት ነው" አለች። "ደቻቱ ይተኛል።"

ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከተማችንን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ዓመት ግን ውሃ የለውም፤ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ የምታየው ያንን አሸዋ ነው። ስለዚህ እንቆቅልሹ ተሳስቷል። ልክ ናት።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለኝ። "ዝም በይ፣ እንቆቅልሹ እንደዚህ ነው" ማለት አንዱ ነው። እኛ ስናድግ የተባልነው ይህን ነው። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" በሚባልበት ቤት የልጅ ሐሳብ ቦታ የለውም። ሌላው መንገድ ግን ጥያቄውን ተከትሎ መሄድ ነው። በነጋታው ወደ ድልድዩ ወሰድኳት። አሸዋውን አየን። በእንጨት ጫርነው፤ ትንሽ ጠለቅ ሲል እርጥብ ነበር። "ከሥር ነው የተኛው" አለች። ወደ ደቡብ ያሉትን ተራሮች አሳየኋት። ዝናቡ የሚዘንበው እዚያ ላይ እንደሆነ፣ ሲበረታ ግን ድሬ ሳይዘንብ እንኳ ጎርፉ ሊመጣ እንደሚችል ነገርኳት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደ እሷ ስታድግ እነግራታለሁ። ለአሁኑ ግን ዳመና ተራራው ላይ ካየች ወደ አሸዋው እንዳትወርድ ነገርኳት። ገባት። የገባት ስላስፈራራኋት አይደለም፤ ምክንያቱን ስላየችው ነው።

ከአንድ እንቆቅልሽ ጂኦግራፊ፣ የውሃ ትምህርትና የደህንነት ትምህርት ወጣ። ያቀድኩት አንዳች ነገር አልነበረም። ያደረግሁት፣ ጥያቄዋን አለመግደል ብቻ ነው።

በምን ቋንቋ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ብዬ የማምነው። "ደቻቱ ይተኛል" ያለችው በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ አስቢ ብትባል ኖሮ ያን ሐሳብ አታስበውም ነበር፤ የምታውቀው "አፕል" እና "ቦል" ነው። ልጅ የሚጠይቅበት ቋንቋና የሚማርበት ቋንቋ ሲለያዩ መጀመሪያ የሚቆመው ጥያቄው ነው። "ለምን"፣ "ምናልባት"፣ "ቢሆንስ" የሚሉ ቃላት የማሰቢያ መሣሪያ ናቸው። ልጁ እነዚህን በአንድ ቋንቋ በደንብ ከያዘ ወደሌላው ይዟቸው ይሻገራል። በአንዱም ካልያዛቸው ግን የሚሻገርበት ነገር የለውም። ዩኔስኮ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢጀምር ይሻላል ብሎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። የአገራችንም ፖሊሲ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ይላል። በድሬዳዋ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ በሐረሪ ክልል ደግሞ በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ።

ወላጅ እንግሊዝኛን የሚመርጥበት ምክንያት ይገባኛል። 9ኛ ክፍል ይጠብቃል፤ ሥራም ይጠብቃል። እንግሊዝኛን አልጠላም። ልጄም ትማራለች። ግን እንደ ሶማልኛው ቢመጣላት ነው የምመኘው፤ በዘፈን፣ በጨዋታ፣ አንድ ሁለት ቃል እያለ። ባለቤቴ ያደገችው በኦሮምኛ ነው፤ ለልጃችን ግን አማርኛ ብቻ ትናገር ነበር፣ "እንዳይምታታባት" ብላ። አሁን ማታ ማታ ተረት የምትነግራት በኦሮምኛ ነው። ልጅ ቋንቋ አይምታታበትም። መደባለቅ ያለ ነው፤ ከጊዜ ጋር ይለየዋል። ድሬ ይህን መቶ ዓመት ሙሉ አሳይታለች።

ሐረር ደርሶ መምጣት

ከወር አንዴ ሚኒባስ ይዘን ሐረር እንወጣለን። 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ልጄ ጆሮዋን ትይዛለች፤ ከዚያ "በረደ" ትላለች። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ይህን በቁጥር አልነግራትም። ሹራቧን ስትለብስ ደንገጎ ላይ፣ ስታወልቅ ቤት መሆኑን ታውቃለች፤ ቁጥሩ በኋላ ይመጣል።

ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግርን ትወዳለች። የልብስ ሰፊዎቹ ጎዳና ነው፤ ስሙ የመጣው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። "ግርግር፣ ግርግር" እያለች ታልፋለች። ቃል ከድምፅ ሊወለድ እንደሚችል የሰማችው እዚያ ነው። ቤት ስንመለስ የባጃጁንና የወፍጮውን ስም ራሷ አወጣች። የጀጎልን አምስት የጥንት በሮች አንድ በአንድ ለመቁጠር ጀምረናል፤ ሁለት ይቀሩናል። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የሐረር ስፌቶች ስታይ ደግሞ ቀለሙ በስንት በስንት እንደሚደጋገም ትቆጥራለች። ሒሳብ ማለት ይህ ነው፤ የሚደጋገመውን ማየት።

ማንበብ የማይችል ወላጅስ?

ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ ጉልት የምትሸጥ እናት ናት። "አንተ ተምረሃል። እኔ ምን ላስተምር?" አለችኝ። እያወራን ልጇ ቲማቲም በአምስት በአምስት እየደረደረ ነበር። መልስ ይቆጥራል። የቱ ቀድሞ እንደሚበላሽ ያውቃል። አሳየኋት። ፊደል የማይቆጥር ወላጅ ተረት ይችላል፤ እንቆቅልሽ ይችላል፤ "አንተስ ምን ይመስልሃል?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ልጁ የተማረውን እንዲያሳየው መጠየቅም ይችላል። ለእናቱ የሚያስተምር ልጅ ሁለት ጊዜ ይማራል። ለልጅ ንግግር ከሁሉ ይበልጣል፤ ብዙ የተወራለት ብቻ ሳይሆን ተራ የተሰጠው፣ የተደመጠ ልጅ ማለቴ ነው። ለዚያ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

ጊዜም ብዙ አይወስድም። ድሬ ቀን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምንም አትሆንም፤ በዚያ ሙቀት ልጅ ማስቀመጥ ግፍ ነው። እኛ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ነፋስ ሲል፣ ሃያ ደቂቃ እንቀመጣለን። እሷ ተነሳች ማለት አለቀ ማለት ነው። ስልክ አልከለክልም፤ ብቻዋን ግን አልተዋትም። የሚያወራላት እንጂ የሚያዳምጣት ስልክ ስለሌለ ነው።

የመዋዕለ ሕፃናቱን መምህርት ሄጄ አናገርኳት። ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት። ረጋ ብላ አዳመጠችኝና "ወላጆች ናቸው ደብተሩ ባዶ ከሆነ የሚከሱን" አለችኝ። እውነት ነው። እኛ የምንለካው በተሞላ ገጽ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ወላጆች ጋር ሆነን ጠየቅናት፦ ሁለት ገጹ ይቅርና ልጆቹ ከቤት አንድ ነገር ይዘው መጥተው ያውሩበት። ለመሞከር ተስማማች። ልጄ መጀመሪያ ይዛ የሄደችው በከረጢት የደቻቱን አሸዋ ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ጠዋት ድልድዩ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየን። ተራራው ላይ ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ውሃው ቡኒ ሆኖ፣ ቅርንጫፍ እየገፋ ይሄዳል። ልጄን ተሸክሜ አሳየኋት።

"ነቃ!" አለች።

ብዙ ቆየን። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ውሃው ወደሚሄድበት አመለከተች። "ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ሽንሌ በኩል።"

"እዚያስ ሲደርስ?"

"እኔ እንጃ። ምን ይመስልሻል?"

አሰበች። "ወተት ሻጯ ከዚያ ነው የምትመጣው" አለች። "ነገ እጠይቃታለሁ።" ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ፣ "ወንዝ" በሶማልኛ ምን እንደሚባል እየጠየቀችኝ ነበር።